ወንድሜ በሳምንት 70 ሰዓት ይሠራል፣ እኔ 31፤ እውነት ሰንፌ ነው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ጀርመን፣ ኑረምበርግ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ጨርሼ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እሷ ከተወለደች ወዲህ የምሠራው 80 ፐርሰንት ነው፤ በሳምንት አራት ቀን፣ 31 ሰዓት። ደመወዜ 2,950 ዩሮ ነው። ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 2,000 ገደማ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አላገባም። ሌሊት መጋዘን ይሠራል፤ 40 ሰዓት፣ በሰዓት 20 ዶላር። ከዚያ ወጥቶ ደግሞ 30 ሰዓት ያህል ኡበር ይነዳል። ‹‹በወር 6,000 ዶላር አስገባለሁ›› ይላል። እውነቱን ነው የሚናገረው። ለቤተሰብ እጁ አይታጠፍም።

ደሴ ያለው የእማዬ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። አንዱ ግድግዳም ተሰንጥቋል። ይታደስ ተባለና ሲጠየቅ ወጪው 12,000 ዶላር ገደማ ሆነ። ወንድሜ ‹‹ስድስት ስድስት ሺህ፣ እኩል እኩል›› አለ። እኔ ‹‹በአንዴ አልችልም፣ ጊዜ ስጠኝ›› አልኩት። ያኔ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው። ‹‹አንቺ ምን አለብሽ! አራት ቀን ሠርተሽ፣ በዓመት 30 ቀን እረፍት ወጥተሽ፣ ሲያምሽ እየተከፈለሽ ተኝተሽ። ጀርመን አስንፎሻል። እኔ እዚህ ካልሠራሁ አልበላም›› አለኝ። እማዬም በማግስቱ ደውላ ‹‹ልጄ፣ ወንድምሽ እኮ ራሱን እየገደለ ነው የሚልከው›› አለችኝ። የዚያን ቀን ሳለቅስ አደርኩ።

አሁን ቅዳሜና እሑድ ሚኒጆብ የሚሉትን፣ የወር ገቢው በሕግ የተገደበ ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ልይዝ አስቤአለሁ። ባለቤቴ ‹‹ልጅቷን መቼ ልታያት ነው?›› ብሎ ተቆጥቷል። ከወንድሜ ጋር ከተነጋገርን ሦስት ሳምንት አለፈን። ለመጨረሻ ጊዜ በቪዲዮ የተገናኘነው ከጭቅጭቁ በፊት ነበር። መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ የመጋዘኑን ቢጫ ሰደርያ እንደለበሰ እያወራኝ መሃል ላይ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ለካ እንቅልፍ ወስዶት ነው።

እውነት ሰንፌ ነው? ሚኒጆቡን ልያዘው? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

እህቱ ነኝ፣ ከኑረምበርግ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ ነበር። በሁለተኛው ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ፤ ወንድምሽ ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ስልኩን እንደያዘ እንቅልፍ የወሰደው ቦታ ላይ። አንቺ ቶሎ አልፈሽዋል። እኔ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልሰነፍሽም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። በአንድ የሌሊት ሽፍት ስንት አረጋዊ እንደምታገላብጪ፣ ስንት አንሶላ እንደምትቀይሪ፣ ጠዋት ላይ ወገብሽ ምን እንደሚል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ቤት ስትገቢ ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ ትጠብቅሻለች። ያ ሰዓት የደመወዝ ወረቀት ላይ ባይወጣም ሥራ ነው። ‹‹ሰነፍ›› የሚለው ቃል ከታናሽ ወንድም አፍ ሲወጣ፣ እናትም ሳያስቡት ሲያጸኑት፣ የሚያመው ሌላ ሰው ሲናገረው ከሚያመው በላይ ነው። ማልቀስሽ አይገርመኝም።

አሁን ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። አንቺም ወንድምሽም እናታችሁም የምታወዳድሩት በወር የሚገባውን ነው። እስቲ በሰዓት እንየው። አንቺ በሳምንት 31 ሰዓት፣ በወር 134 ሰዓት ገደማ ትሠሪያለሽ። 2,950 ዩሮ ሲካፈል በሰዓት 22 ዩሮ ነው። እሱ በሳምንት 70፣ በወር ከ300 ሰዓት በላይ ይሠራል። 6,000 ዶላሩ ሲካፈል በሰዓት 20 ዶላር አይሞላም። በሰዓት ሂሳብ የምትበልጪው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እሱ የሚበልጥሽ የአንቺን ከሁለት እጥፍ በላይ ሰዓት ስለሚሸጥ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ወንድምሽ ራሱ ቁጭ ብሎ ያላሰበው የሚመስለኝ ነገር አለ። ከ6,000ው ላይ የመጋዘኑ ሲነሳ ከኡበር በሳምንት 600 ዶላር ገደማ ያገኛል ማለት ነው፤ ያ ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል ምን ያህል እንደሚያስወጣ በየዓመቱ ያወጣል፤ ለ2025 ያስቀመጠው 70 ሳንቲም ነው። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው፣ የመኪናው እርጅና ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በሳምንት 500 ማይል ይነዳል ብንል 350 ዶላሩ የመኪናው ነው። የቀረው 250 ለ30 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 8 ዶላር ከምናምን ይሆናል። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ እኮ 15 ዶላር ነው። እርግጥ ያ 350 ዛሬውኑ ሁሉ ከኪሱ አይወጣም። መኪናው ሲያረጅ ግን ይወጣል። ከተረፈው ላይም የግል ሠራተኛ ስለሆነ አሠሪው የሚከፍለውን ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን የጤና መድኅን ይከፍላል።

ሌላም አለ። አሜሪካ ከ1938 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አላት፤ ከ40 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ይህ ግን የሚሠራው ለአንድ አሠሪ ሲሆን ነው። መጋዘኑ 40 ሰዓት ብቻ ስለሚያሠራው ኦቨርታይም አይነካውም። የኡበር ሾፌር ደግሞ ራሱን በራሱ እንደሚያሠራ ስለሚቆጠር ለእሱም ኦቨርታይም የለም። ስለዚህ ወንድምሽ 70 ሰዓት እየደከመ የአንድም ሰዓት ኦቨርታይም አያገኝም። ይህን ስጽፍ ሆዴ ባባ።

ይህ ሁሉ እሱን ለመርታት እንዲሆንሽ አይደለም። እባክሽ ይህን ወረቀት ይዘሽ ‹‹አየህ፣ እኔ እበልጥሃለሁ›› እንዳትዪው። ልቡ ይሰበራል።

ወደ አንቺ ደመወዝ ልምጣ። ከ2,950 ውስጥ ወደ 950 ዩሮ በየወሩ ይቆረጣል። መቼም ወረቀቱ ሲመጣ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ግን ያ ገንዘብ የት ሄደ? አብዛኛው ታክስ አይደለም። ለጡረታ ከደመወዝሽ 9.3 በመቶ ይሄዳል፣ አሠሪሽም ያንኑ ያህል ይጨምራል። የጤና መድኅን፣ የሥራ አጥ መድኅንና የእንክብካቤ መድኅንም አለ። አባቶች ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ›› የሚሉት የእናንተ ጀርመን ውስጥ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። አንቺ በየወሩ ሎሚ ትይዣለሽ። በምላሹ ብትታመሚ አሠሪሽ እስከ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደመወዝሽን ይከፍላል። ከዚያ ካለፈ የጤና መድኅኑ ከደመወዝሽ 70 በመቶ ያህሉን ይቀጥላል። ሆስፒታል ብትተኚ ከኪስሽ የሚወጣው በቀን 10 ዩሮ ነው፤ ያውም በዓመት ከ28 ቀን በላይ አይቆጠርም። ሥራ ብታጪ፣ ልጅ ስላለሽ ከተጣራ ደመወዝሽ 67 በመቶው እየተሰጠሽ ለአንድ ዓመት ያህል ሥራ ትፈልጊያለሽ።

ወንድምሽ ያን ሎሚ ለብቻው ነው የተሸከመው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የግል ድርጅቶች የተከፈለ የዓመት እረፍት እንዲሰጡ አያስገድድም። በ1993 የወጣው ሕግ ለታመመ ሰው 12 ሳምንት ቦታው እንዲጠበቅለት ያዛል፤ ያለ ደመወዝ። ሜሪላንድ ከብዙ ስቴቶች ትሻላለች፤ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ድርጅት በዓመት እስከ 40 ሰዓት የተከፈለ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ያ አንድ ሳምንት ነው። ለኡበሩ ደግሞ ምንም። መጋዘኑ የጤና ኢንሹራንስ ሰጥቶት ቢሆን እንኳ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሱ የሚሸፍነው ገንዘብ አለ። ዲዳክቲብል የሚሉት ነው። በ2024 በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ለአንድ ሰው በአማካይ 1,800 ዶላር ገደማ ነበር።

እንግዲህ ‹‹እኔ እዚህ ካልሠራሁ አልበላም›› ያለሽን አሁን ደግመሽ አንብቢው። ስድብ መስሎሽ ነበር። ለእኔ ፍርሃት ሆኖ ነው የተሰማኝ። ጀርባው አንድ ቀን ቢይዘው በማግስቱ የሚሆነውን ያውቀዋል። አንቺ ‹‹ጊዜ ስጠኝ›› ስትዪው የሰማው ምን ይመስልሻል? አንቺ ቀስ ብለሽ መክፈል ትችያለሽ፣ ነገም አለልሽ። እሱ ነገ መሥራት መቻሉን አያውቅም። ለዚህ ነው አሁኑኑ፣ ጉልበት እያለኝ የሚለው።

‹‹ጀርመን አስንፎሻል›› የሚለው ነገር እሱ ብቻ የሚለው አይደለም። የኦኢሲዲን፣ የበለጸጉ አገሮችን የኢኮኖሚ ድርጅት ቁጥር ያየ ሰው ሁሉ ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በዓመት በአማካይ 1,800 ሰዓት ገደማ ይሠራል። ጀርመን ውስጥ 1,350 አይሞላም። ልዩነቱ ከ450 ሰዓት በላይ ነው፤ ከአስር ሳምንት በላይ ሥራ ማለት ነው። ግን አማካዩን ዝቅ ያደረገው ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት እንዳንቺ ያሉ እናቶች ናቸው። ጀርመን ውስጥ ከሚሠሩ ሴቶች ግማሽ ገደማው የሚሠሩት ሙሉ ሰዓት አይደለም። ኪታው (የሕፃናት መዋያው) የሚዘጋበትን ሰዓት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሌላው ሕጉ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 20 የሥራ ቀን የተከፈለ እረፍት ይሰጣል፤ እንዳንቺ 30 የሚያገኙትም ብዙ ናቸው። በአንድ ሽፍትና በሚቀጥለው መካከል በተለምዶ 11 ሰዓት እረፍት መኖር አለበት። እሑድ የእረፍት ቀን መሆኑ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሳይቀር ተጽፏል። አንድ ጀርመናዊ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ደግሞ አሜሪካዊው ከሚያመርተው ብዙ አይራራቅም። ስንፍና ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ይታይ ነበር።

ስለ እኩልነቱም አንድ ነገር ልበልሽ፤ ከሥራሽ ጋር ስለሚገናኝ። ኢኮኖሚስቶች ጂኒ የሚሉት መለኪያ አላቸው። ዜሮ ማለት ሁሉም እኩል ያገኛል ማለት ነው፤ አንድ ማለት ደግሞ ሁሉን አንድ ሰው ጠቅልሎ ወስዶታል ማለት ነው። ታክሱና ድጎማው ከታሰበ በኋላ ጀርመን 0.3 አካባቢ ናት። አሜሪካ ወደ 0.4 ትጠጋለች። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የአንቺኑ ሙያ ውሰጂ። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያላት ነርስ መካከለኛ የዓመት ደመወዟ 93,600 ዶላር ነበር። ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያንን የምትንከባከበው ሴት ግን 34,900። ሁለቱም አንድ አልጋ አጠገብ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ደመወዛቸው ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይራራቃል። ጀርመን ውስጥ በጁላይ 2025 በእንክብካቤ ሥራ ላይ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ለሰለጠነች ነርስ በሰዓት 20.50 ዩሮ፣ ለረዳት 16.10 ነበር። እርግጥ ይህ የወለል ክፍያው ነው፤ ያኛው መካከለኛው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ልኬት አይደሉም። ቢሆንም በየአገሩ የነርሷና የረዳቷ ክፍያ የቱን ያህል እንደሚራራቅ ያሳያል። የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሞ ቀርቷል። የሜሪላንዱ ከፍ ያለው ስቴቱ በራሱ ስላሳደገው ነው።

ስለዚህ ሰዎች ‹‹አሜሪካ ደመወዝ ከፍ ያለ ነው›› ሲሉ ውሸት አይደለም። ከፍ ያለው ግን ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ወንድምሽ የሚነዳቸው ሰዎች ደመወዝና የወንድምሽ ደመወዝ አንድ አማካይ ውስጥ ተደባልቀው ነው የሚነገሩት።

ይህን ብዬ ግን ጀርመንን ገነት አድርጌ ልሥልልሽ አልፈልግም። ወንድምሽ የሚያየው እውነትም አለ። እሱ ገንዘብ ሲያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ሰዓት መኪናውን አስነስቶ ይወጣል። አንቺ እንደዚያ ማድረግ አትችይም፤ ብትችይም ከተጨመረው ላይ ብዙ ይቆረጥብሻል። ሀብት ላይ ስንመጣም ጀርመን ያን ያህል እኩል አይደለችም። እዚያ የራሱ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ግማሽ አይሞላም፤ አሜሪካ ውስጥ ከመቶ 65 ያህሉ የራሳቸው ቤት አላቸው። አሥር ዓመት ሮጦ ቤት ገዝቶ ዕዳውን እየከፈለ ያለ አበሻ ሜሪላንድ ውስጥ ሞልቷል። ወንድምሽ የሚሮጠው ያንን እያየ ይሆናል። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ምን እያጠራቀመ ነው? የት መድረስ ይፈልጋል?

አንቺንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳይከፋሽ። የባለቤትሽን ገቢ አልነገርሽኝም። ምናልባት ‹‹የእኔ እናት ስለሆነች የእኔ ዕዳ ነው›› ብለሽ ለብቻሽ ይዘሽው ይሆናል። ወንድምሽ የቤት ኪራዩን ብቻውን ነው የሚከፍለው። እናንተ ሁለት ናችሁ፤ ልጅም አለቻችሁ። ሂሳቡ ፍትሐዊ እንዲሆን ይህም መቆጠር አለበት። ቆጥረሽው ደግሞ ድርሻሽ ካሰብሽው ያን ያህል እንደማያንስ ልታገኚው ትችያለሽ። ያንን ለማየት ዝግጁ ነሽ?

ሚኒጆቡን በተመለከተ፣ እኔ አትያዢው ባይ ነኝ። በ2026 ከሚኒጆብ የሚገኘው ከፍተኛ ገቢ በወር 603 ዩሮ ነው፤ የአገሪቱ አጠቃላይ ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ በሰዓት 13.90 ነው። 603ን ለማግኘት 43 ሰዓት ያህል ትሠሪያለሽ። ያ በየወሩ አምስት ሙሉ የሥራ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድሽን ጠራርጎ ይወስደዋል። የሁለቱ ሥራ ሰዓት በሕግ ተደምሮ ስለሚታይና በሽፍቶች መካከል ያለውን እረፍት ስለሚነካ ለዋናው አሠሪሽም ማሳወቅ ይኖርብሻል። ጥቅም የለውም አልልሽም። ከዋናው ሥራ ጎን የሚያዝ አንድ ሚኒጆብ ብዙ ስለማይቆረጥበት አብዛኛው እጅሽ ላይ ይቀራል። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ የምትይዢው ለጣሪያው ነው ወይስ ‹‹ሰነፍ›› የሚለውን ቃል ለማጥፋት? ለቃሉ ከሆነ ብትደክሚም ቃሉ አይጠፋም። ልጅሽ ደግሞ 4 ዓመቷ ነው። የግድ ገቢ ይጨመር ከተባለ መጀመሪያ አሠሪሽን ከ80 ወደ 90 ፐርሰንት ከፍ ማለት እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቢያንስ ጡረታሽም አብሮ ያድጋል፤ ቅዳሜና እሑድሽም አይነካም።

ጣሪያውን እንዴት እናድርገው ካልሽኝ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። እንደምገምተው ችግሩ ያለው ገንዘቡ በአንዴ ይውጣ መባሉ ላይ ነው። አንቺ በወር 250 ዩሮ ብታወጪ በሁለት ዓመት 6,000 ዩሮ ይሆናል። የወንድምሽን ‹‹እኩል›› ሙሉ ለሙሉ ከፈልሽ ማለት ነው፤ ያለ ሚኒጆብ። ሥራውም ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ዝናቡ የማይጠብቀው ጣሪያው ነው፤ እሱ ከክረምት በፊት ይሠራ። ግድግዳው አደገኛ አለመሆኑን ባለሙያ አይቶ ካረጋገጠ እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። አደገኛ ነው ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። የሚከፈለውን ደግሞ በሁለታችሁም ዋና ሥራ ልክ አስሉት። የወንድምሽ የመጋዘን ደመወዝ በወር 3,460 ዶላር ገደማ ነው። የአንቺው 2,950 ዩሮ። ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም። እሱ ድርሻውን ከኡበሩ ሰዓት ላይ አያውጣ። የእናታችሁ ጣሪያ ከልጃቸው እንቅልፍ ላይ መሠራት የለበትም። እናትሽም ይህን ቢያውቁ አይፈልጉትም።

በቅንፍ የምነግርሽ አንድ ጥቅም ያለው ነገር አለ፤ ብዙ አበሻ አያውቀውም። ጀርመን ውስጥ ገቢ የሌላትን እናትሽን የምትረጂበት የኑሮ ወጪ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢሽ ላይ ሊቀነስልሽ ይችላል። ለኢትዮጵያ የተፈቀደው ሙሉው መጠን ሳይሆን ሩቡ ነው፤ ለ2025 እስከ 3,024 ዩሮ። የራሳቸው ገቢ ካላቸው ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ቤት ማደሻ አይቆጠርም፤ ለምግብና ለኪራይ የምትልኪው ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ገንዘቡ በእናትሽ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ መግባት አለበት፤ በሰው እጅ የተላከ አይታይም። ከአገር ቤት የሚረጋገጥ ፎርምም አለው። ሎንሽቶየርሂልፈፌራይን (ሠራተኞችን በታክስ ጉዳይ የሚረዳ ማኅበር) ሄደሽ ጠይቂ፤ ከተማሽ ውስጥ አታጪም። ወንድምሽ ይህ ዕድል የለውም። የአሜሪካ ሕግ ዜግነት የሌላትንና አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ የማትኖር እናትን በጥገኝነት አያስመዘግብም። የእናትሽን የየወር ወጪ አንቺ በስምሽ ብትልኪ፣ እሱ ደግሞ ለቤቱ ቢያወጣ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። ይህንን ለእሱ ማቅረብ ትችያለሽ።

እናትሽን ደግሞ አትቀየሚያቸው። እሳቸው የሚያዩት ባንክ የገባውን ብር ብቻ ነው። ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ከማን ምን እንደተቆረጠ ብሩ ላይ አልተጻፈም። ‹‹ራሱን እየገደለ ነው›› ያሉሽ አንቺን ሊወቅሱ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ስለ ልጃቸው ፈርተው፣ የሚነግሩት ሰው አጥተው፣ ለታላቅ እህቱ ነገሩ። አንዴ ደውለሽ ‹‹እማዬ፣ ያን ቀን ምን ማለትሽ ነበር?›› ብለሽ ጠይቂያቸው። ለጭቅጭቅ አይደለም፤ ለማወቅ።

ለወንድምሽ ግን ከእሳቸውም በፊት ደውዪ። እሑድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት (በፈረንጆቹ 20፡00) ላይ፣ ልጅሽ ከተኛች በኋላ፣ እዚያ ገና ከቀኑ ስምንት (14፡00) ይሆናል። በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ካልሆነ መኪና ውስጥ ነው። እየነዳ ከሆነ አታናግሪው፤ ‹‹ስትቆም ደውልልኝ፣ እጠብቅሃለሁ›› በይው። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ስድስት ሺው፣ ስለተባባላችሁት ነገር መጀመሪያ ላይ አታንሺ። የእኔንም ቁጥሮች ሁለተኛና ሦስተኛ ንግግራችሁ ድረስ አቆዪአቸው። ያን ቀን እያወራሽው እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ ያ ነገር ከዓይንሽ አለመጥፋቱን ንገሪው። ከዚያ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው።